የታጠፈ ቃል

ከሆቴሉ በታች፣ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ራይሳና እኔ አንሶላ ለሁለት ይዘን፣ ቀኑን ሙሉ ስንጠቀልል፤
እሷ ሁለት ጫፍ፣ እኔም ሁለት ጫፍ፣
ስንቀራረብ፣ ጣት ከጣት ሲነካካ፣ ስንራራቅ፣ ደግሞ ስናጥፍ።
እሷ በሩሲያኛ ትቆጥራለች፣ እኔ በአማርኛ እቀበላታለሁ፤
አሥራ ስምንት ዓመት አብረን አጥፈን፣
የልጆቿን ስም ገና ዘንድሮ ሰማሁ።

ማታ ከቀርሜሎስ ራስ አውቶቡሱ ወደ ታች ሃይፋ ሲወርድ
ኖጋ ከጎኔ ነች፤ ነገ የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት።
የቃላት ወረቀቷ ታጥፎ፣ ታጥፎ፣ መሐሉ ሊበጠስ ደርሷል።
«አባ፣ ቤንድና ከርቭ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»
እኔ ምን አውቄ!
ግን ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘ፣ በግራ የነበረው ባሕር በቀኝ መጣ፣
ትከሻዋ ትከሻዬን ገፋው።
«ይኸው፣» አልኳት፣ «ይሄ ማዕዘን የሌለው፣
መዞርሽን ሳትነቂ የሚያዞርሽ፣ ከርቭ ይሁን።
ያ ደግሞ ታች፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣
በአንድ ጊዜ እጥፍ ብሎ ሆድ የሚያስይዘው፣ እሱ ቤንድ።»
ሳቀች። «መምህሬ እንዲህ አላለችም።»
«መምህርሽ አውቶቡስ አትሳፈርማ።»

ከዚያ ቃል በቃል፣ እንደ ገበያ ሰው ስንመዝን፦
ፎልድ አለች፣ እጥፋት አልኩ።
ፕሊት ስትል የቀሚስ ሽንሽን።
ክሪዝ? ካውያ የሚተወው መስመር፤ ሱሪ ላይ ሲሆን ያኮራል፣
ፊት ላይ ሲሆን ግን…
«እሱማ ሪንክል ነው፣» ብላ አረመችኝ ግንባሬን እያየች።
ትዊስት ስትል ጥምዝ ሰጠኋት፣ ከጥምዝ ወደ ጠማማ ሄድን፤
ጠማማ ግን ሰው ነው፣ እሱን ፈተና ላይ አትጻፊው።

ቋንቋችን እኮ ለጎባጣ ነገር ድሃ አይደለም፦
ምሰሶ ይጎብጣል፣ ቀንበጥ ይለመጣል፣ ሚስማር ይቆለመማል፣
የራበው አንጀቱ ይታጠፋል፣
ሰነፍ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣
ነጠላ እንኳ ላጣፋው ሌላ፣ ላዘቀዘቀው ሌላ ይናገራል።
ደግሞም… አልኩና አፌ ላይ የደረሰውን ያዝኩት።

«ደግሞ ምን?»
«ደግሞ ቃል ይታጠፋል። ሰው እመጣለሁ ብሎ ሲቀር፣
እሰጣለሁ ብሎ ሲነሳ፣ ቃሉን አጠፈ ይባላል።»
ወረቀቷን አገላበጠች።
«በእንግሊዝኛ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም፣ አባ።»
«እንደ ብርጭቆ?»
«እንደ ብርጭቆ።»

ሦስት ፌርማታ ዝም አልኩ።
ጎንደር እህቴ አለች፣ ጥሩዬ፤
«ለመስከረም እመጣለሁ» ያልኳት መስከረም
አሥራ አንድ መስከረም ወልዷል።
መጀመሪያ ምክንያቱ ገንዘብ ነበር፣ ቀጥሎ ወገቤ፣ ቀጥሎ ኀፍረት፤
ኀፍረት ሲደራረብ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፣
ለብቻ አይታጠፍም፣ ለብቻ አይዘረጋም።
ስልኳን ማንሳት የተውኩት እኔ ነኝ።

እንግሊዝ ብሆን ስባሪውን ጠርጌ በተገላገልኩ፤
የተሰበረ ይጣላላ!
እኔ ግን አንሶላ አጣፊ ነኝ፣ ሥራዬን አውቃለሁ፦
የታጠፈ አልጠፋም፣
መደርደሪያው ላይ ሆኖ የሚዘረጋውን ይጠብቃል።
መሐሉ ላይ የቀረው መስመር ግን… እሱን ካውያም አይጨርሰው።

«አንፎልድ የሚልም አለ፣» አለች ኖጋ፣ «መዘርጋት ነው?»
«መዘርጋት ነው።»

ነዳጅ ማደያው ጋ ወረድን።
በዚህ ወር የሃይፋና የጎንደር ሰዓት እኩል ነው፤
ተኝታ ይሆናል ለማለት እንኳ ገና ነው።
ደወልኩ። ጠራ። ጠራ።
«ማነው?» አለ አንድ ያረጀ ድምፅ።
የምጀምርበት ቃል ጠፍቶኝ፣
ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ፤
ኖጋም ሌላኛውን ጫፍ የያዘች ይመስል
ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች።