«ለ» ወይስ «ሰ»

ትርፌ በስኳር ከረጢት ቋጥራ ሰጠችኝ፤
አሥራ አንድ ደብተር፣ የገፈርሳ ጭቃ ከነሽታው።
ስዘረግፈው አንድ የሳቢሳ ላባ ወደቀ፤
የትኛውን ገጽ ይዞ እንደኖረ ማን ይንገረኝ?

የአሰግድ ጽሕፈት መከራ ነው።
ቆሞ ነው የጻፈው፣ ግማሽ ዓይኑ ውሃው ላይ፤
ዝናብ ያጠበውን እኔ በግምት እሞላለሁ፣
ግምት እንደማይወድ እያወቅሁ።
«አላየሁትም» ለማለት ሦስት ገጽ የሚጨርስ ሰው ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ለሐሙስ ይፈልገዋል።
የቀረኝ የመጨረሻው መስመር ብቻ፦
«ማለዳ። ዝዮቹ የሉም። ረግረጉ»
ከዚያ አንዲት ቃል፣ «ለማ» ትሁን «ሰማ»፣
አናቷ ላይ ቀለም ፈስሷል።

ሄድሁ። እስከ ቡራዩ በታክሲ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ።
የቆርቆሮ አጥር። ሲኖትራክ ገረጋንቲ ይገለብጣል።
ዘበኛው፦ «ምን ጠፋብህ? ሰፈሩ ለማ እኮ!»

በአጥሩ ቀዳዳ፣ ጥቂት ሸምበቆ።
ትንፋሼን ውጬ፣ እሱ እንዳስለመደኝ፣ እስከ መቶ ቆጠርሁ።
ወፍ የለም።
ውሃው ግን ዝም ያለው
ጆሮውን እንዳቆመ ሰው ነው።

ማታ፣ አሰግድ ይቅር ይበለኝ፣ ገመትሁ፤
በቀይ እስክሪብቶ «ሰማ» ብዬ አረምሁ።