አራት ማርሽ ወደ ኋላ

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ፣ ዶሮ ማነቂያ ላይ፣
የአባቴን ቮልስ ፈታሁ፣ ጎረቤት እንዲያይ።
"ጋራዥ ምን ያደርጋል!" ፎክሬ፣ ፎክሬ፣
ካምቢዮውን ገጠምሁት፣ ዘይቱን ቀይሬ።
አንዲት ቡሎን እንኳን አልተረፈችኝም፤
(ብትተርፍ ይሻል ነበር። ያኔ አልገባኝም።)

ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ አስገባሁ፣
ለቀቅ ሳደርገው ግን ወደ ኋላ ሄድሁ።
ሁለተኛ፦ ኋላ።
ሦስተኛም፦ ኋላ፤
የጋሽ ደርሰህ ዳማ በጎማ ተበላ።

ኮሮናዋን ለካ ገልብጬ አስሬያት፣
አራት መመለሻ፣ አንድ መሄጃ አላት።
ትርንጎ ከፎቁ ስልኳን ደግናለች፤
በሳቅ እያነባች ትቀርጸኛለች።

መሪው ላይ ተደፍቼ ፊቴን ስሸሽገው፣
ጋሽ ደርሰህ ቆርኪውን እየለቀመ ነው።
"አይዞህ" አለ፣ "ያኔ አባትህም ገጥሟት፣
በኔ አጥር ላይ ነበር
ጀርባዋን ያሳረፋት።"