አይገጥምም

ዊኒፔግ፣ በየካቲት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ በበረዶ ታውሮ፣ መንገድ አይታይ ሰማይ አይታይ፤
ማሞቂያው ያንኳኳል እንደ ተዘጋበት እንግዳ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ የሁለት አፍ፣ የአንድ ሆድ ባለዕዳ።

እጄን አንስቼ ምያለሁ፦ አልጨምርም፣ አልቀንስም።
እሱ «እኔ» ሲል «እኔ» እላለሁ፣
እነሱም «እኔ» ሲሉ «እኔ» እላለሁ።
ክፍያው በሰዓት ነው።
አንድ ማይክ ለሁለታችን፣ አንድ ጆግ ውሃ።

ከጎኔ አቶ ደባልቄ። ካፖርቱን አላወለቀም።
አስራ አንድ ዓመት የማይበላውን ሥጋ ሲመትር
ሁለት ጣቶቹ ጎብጠው ቀርተዋል፣
ቢላው ባይኖርም ቢላ እንደያዙ።
ያሰለጠናቸው ሦስት ልጆች አለቆቹ ሆነዋል፤
አራተኛውን ባለፈው በጋ ስለት አያያዝ አሳይቷል።
ስሙ ለምላሳቸው ከበደ፤
ቆቡ ላይ «ዴቭ» ብለው ጻፉለት።
ቆቡን ሲሰቅል ስሙንም ይሰቅላል።

መጀመሪያ የፈረቃው ሹም መሰከረ፣ አቶ ዱዌይን።
ጨዋ ድምፅ ነበረው፤ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።
እኔም ተከተልኩ፣ ወደ ደባልቄ ጆሮ ዞሬ፣
በእናቴ ቋንቋ፣ በራሴ አፍ፦
«‹ወደ ጫካህ ተመለስ› ያልኩት እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር።»
ማንም አልሳቀም።
ዝምታውን የምተረጉምበት ቃል አላገኘሁም፤
ዝም አልኩ፣ እሱም ሥራ ከተባለ።

ሰብሳቢዋ ጠየቀች፦
ሰባት ጊዜ አመልክቷል፣ ለምን አላደገም?
የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ ወይዘሮ ሃልቨርሰን፣ መነጽሯን ጠረገች፦
«ታታሪ ነው። ሰዓት ያከብራል። ብቻ… አይገጥምም።»

«አይገጥምም» አልኩት።

እዚህ ላይ እግሬ ተያዘ።
በእነሱ ዘንድ ያቺ ቃል የእግርና የጫማ ነገር ናት፤
በእኛ ግን ክዳን ከድስቱ ይገጥማል፣
ወጌሻ የነካው አጥንት ይገጥማል፣
ጦር ከጦር ይገጥማል፣
ስንኝም ከስንኝ።
የቱን ልስጠው?
እኔ ሳልጨምር ቃሉ ራሱ ጨመረ።

ደባልቄ ተነሳ። መነሳት አያስፈልግም ነበር።
እንደ ድሮ ባላጋራ፣ በላ ልበልሃ እንደሚል ሰው፣
ካፖርቱን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጎ፦

«ወንዝ ማዶ ነው አባቴ፣ ወንዝ ወዲህ እናቴ፣
‹አይገጥሙም› ያለው መንደር አፈረ በልደቴ፣
ደባልቄ ብላ አወጣች፣ ስሜ ነው ርስቴ።
ያንን ቃል ድሮ አውቀዋለሁ፣ ዛሬ አይደለም የሰማሁት፣
እዚህ ካፖርት ደርቦ ነው በር ላይ ያገኘሁት።
አስራ አንድ ዓመት በቢላ መገጣጠሚያ ሳላቅቅ፣
ምን ከምን እንደሚገጥም ከኔ በላይ ማን ይወቅ?»

ተቀመጠና፣ «እንዳለ ንገሪያቸው» አለኝ።

እንዳለ!
ወንዙን አሻገርኩ፣ መንደሩን አሻገርኩ፣ ቢላውንም።
ቤት መምቻው በመንገድ ወደቀብኝ፣
«ስሙ» ብዬ የስሙን ፍቺ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳሁ፣
ጠበቃው ሰዓቱን አየ፣
ሰብሳቢዋ ግን ብዕሯን አስቀምጣ
አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደሱ።
«እባክሽ፣ ስሙን ድገሚልኝ» አለች።
ደባልቄ ራሱ ደገመው። ቀስ ብሎ።
እሷም ሞከረች፣ «ደ» ላይ ተሰናክላ፣ «ቄ» ላይ ደረሰች።

ውሳኔው በዘጠና ቀን በፖስታ ይመጣል አሉ።
ከፖስታው ውስጥ ያለውን አላውቅም፤
ያንን ሌላ አስተርጓሚ ያነብለት ይሆናል።

መውጫው ላይ ፈረመ፣ በፊደል፣ ከነአባቱ ስም።
ሳጥኑ ጠበበው፤
የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት መስመሩን ተሻግረው
እኔ ሳጥን ውስጥ አረፉ።
አልሰረዝኩም፤ ስሜን ከጎናቸው ጻፍኩ።

ጸሐፊዋ ቅጹን ተቀብላ፣
«እንግሊዝኛሽ እንዴት ይገርማል!
ለመሆኑ ከየት ነሽ?» አለችኝ።
እዚሁ፣ ከዊኒፔግ፣ ከጀርባው መንገድ።

ከዚያ የራሴን ቅጽ ሞላሁ።
የተረጎምሽው ሰዓት፦ ሦስት።
ያልተረጎምሽው የሚል ሳጥን
ከላይም ከታችም ፈለግኩ፤ የለም።