ዱካ

ግሊቪትሴ ከተማ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣
ጥላሸት የጠጣ በረዶ ከጣራ ሲፈርስ፣
እኔ የክፍሉ ታይፒስት፣
የቦጉሚዋን ጥናት ስመታ፣
መኪናዬ የማያውቀው የግሪክ ፊደል ሲመጣ
እዘላለሁ፣ የአንድ ጣት ባዶ ቦታ።
እሷ ማታ
በቀጭን ብዕር ትሞላዋለች፤
ላምዳ ለሚመጣው፣ ሚዩ ለሚሸኘው፣
ሮ ደግሞ ትንፋሽ ላጠረው መስኮት።

ጥናቷ ስለ ወረፋ ነው።
መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁኝ፤
በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን፣
ስለ ወረፋ ማን መሃይም አለና!
የሷ ግን መረብ ነው፦ ካንዱ መስኮት ወጥቶ ሌላው ደጅ የሚቆም፣
የሚከፈል፣ የሚመለስ፣ እንደ ወንዝ የሚገጥም፤
ያንዱ ማዝገም
ለታችኛው ድርቅ፣ ያንዱ መፍጠን ጎርፍ።

«በትክክል እንፍታው ካልን» አለችኝ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣
«አሥር መስኮት፣ መቶ ሰው፤ ማን የት እንደቆመ
ቆጥረን ሳንጨርስ ዕድሜያችን ሊያልቅ።
ስለዚህ እዋሻለሁ።
ግን ውሸቴን ሰፍሬ ነው።»

መረቡን በየመጋጠሚያው ትበጥሰዋለች፤
እያንዳንዱን መስኮት ለብቻው ታቆምና
«ጎረቤት የለህም» ትለዋለች።
የሚመጣበትን ሕዝብ በሁለት ቁጥር ትቋጥራለች፦
አማካዩን፣ መዋዠቁን፤
ቀሪውን ትረሳለች።
ሰልፉ ከበዛማ ሰው መሆኑ ይቀራል፣ ውሃ ይሆናል፤
ራስ አትቆጥርም፣ ከፍታ ትለካለች።
ከዚያ ያንዱን መልስ ለሌላው ታጎርሳለች፣
የሌላውን ለሌላው፣ ዞሮ ለመጀመሪያው፣
እንደገና፣ እንደገና፣
ቁጥሩ መወራጨት ትቶ
እንደ ደከመው ሕፃን እስኪያሸልብ።

ምድር ቤት ያለችው፣ ቁም ሳጥን የምታህል ኦድራ፣
ሌሊቱን የሌሉ ሰዎችን ስታሰልፍ አድራ
ልዩነቱን ነገረችን፦ ከመቶ ሰባት።
ቦጉሚዋ ፈገግ አለች፤
ከዚያ ፈገግታዋን ዋጠች።
«ይቺ ሰባት የት ነው የምትኖረው?»

እኔ አውቃለሁ የት እንደምትኖር።
ሥጋ ቤቱ በር ላይ።
ፓን ግራትስያን ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የከሰል ቆፋሪ፣
ለታመመ፣ ለምታጠባ፣ ለሰነፍም፣
በሳንቲም ወረፋ የሚይዝ።
ሥጋው ጋ ዱካውን ዘርግቶ፣
ሳሙናው ጋ ስሙን አስመዝግቦ፣
ጫማው ጋ ራሱ ይቆማል፤
ሦስት ቦታ፣ አንድ ሰው።
የትኛው መቀስ ይቆርጠዋል?
እሱ እስካለ ድረስ
ጎረቤት የሌለው መስኮት የለም።

ሐሙስ ንጋት ላይ ዱካዋ ነበረች፤ እሱ የለም።
ወረፋው ፈቀቅ ሲል፣ ከኋላ ያለችው ሴት
በእግሯ ገፋ አደረገቻት፤
ሲል ደግሞ፣ ገፋ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አልቀደማትም።
ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ሻጯ አንገቷን አስግጋ አየቻት፤
አጥንት የበዛበት ግማሽ ኪሎ ጠቀለለችና
ዞራ መጥታ ከላይዋ አስቀመጠች።
«የሚቀጥለው!»
ቦጉሚዋ ከኔ ኋላ ነበረች። ምንም አላለችም።

የመጨረሻውን ገጽ ስመታ
«ተዪልኝ» አለች «የአንድ ጣት ቦታ»፣
«ስህተቱ ከመቶ ሰባት አይበልጥም» ከሚለው ቀጥሎ።
በማግስቱ አየሁት፦ ፓይ።
የረጋ ነገር ምልክት ነው ይላሉ የሚያውቁ፤
እዚያ ምን እንደሚሠራ ግን ፈታኞቹም አልጠየቁ።
እኔ ሂሳብ አልችልም።
ያየሁት ሁለት እግርና አንድ መቀመጫ ነው፤
ሰው ሄዶ የቀረ
ዱካ።