አርባ ደቂቃ አየር

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ካልታኒሴታ ቁልቁለት ላይ፣
ካሎጀሮ ተንበርክኳል ጀርባውን ሰጥቶ ለሰማይ።
ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ረጅሙን ቁልፍ ሰደደ፤
ሰባት ዙር ወደ ግራ፣
ቧንቧው ከሥር አጓራ፣
የታችኛው ሰፈር ፈረቃውን ወሰደ።

እኔ የቦቴው ሹፌር ነኝ፤ ቧንቧው ሲቀር የምጠራ፣
ባልዲ ይዞ ከተሰለፈ ሰው ስድቡን የምጋራ።
በአምስት ቀን አንዴ ነው ተራው። ግድቡ ጎድሎ ጎድሎ
ሰባ ዓመት የሰጠመ ድልድይ አወጣ፤ ልጆች ሊያዩት ሄዱ፣
ድንጋዩ ላይ ፎቶ ተነስተው አቧራ ለብሰው ወረዱ።

ማዘጋጃ ቤቱ ውሃውን ከባለ አክሲዮኖቹ ሲረከብ
ያገኘው አንድ ሣጥን ቁልፍና የከረመ ዕዳ ነው።
«ከሁለት ባልዲ አንዱን» አሉ፣ «መሬት ነው የሚጠጣው።»
የቱ ጋ? እሱን እንጃ።
ካርታውን አይጥ በልቶታል፤ የተረፈው ቅጂ
ካሎጀሮ ጉልበት ውስጥ ነው፤
«እዚህ ጋ ሲጠዘጥዘኝ ቫልቭ አለ» ይላል። ይቆፈራል። አለ።

ኢንጂነር ኑንዚያ መጣች፣ ታብሌት አንግታ በትከሻ፤
ሁለት ወር ከኋላው ሄደች፣ ከቁልቁለቱ መነሻ እስከ መድረሻ፣
በየክዳኑ ቁጥር ለጥፋ፣ በየጉድጓዱ ሴንሰር ጥላ።
«ጫማሽ ለዚህ አይሆንም» አላት፤ ሌላ ምንም አላላትም።
በማግስቱ ቦት ጫማ ገዛች።

ከዚያ ስክሪኑ ተናገረ፤
ከመንገዶች ሁሉ አንዱ፣ ሽቅብ የወጣው፣ የሱ ቤት ያለበት፣
በየፈረቃው አርባ ደቂቃ ትርፍ ይከፈትለታል።
ወሬው ከውሃው ቀድሞ በየቤቱ ደረሰ፤
ካሎጀሮ የሰው ተራ ለገዛ ደጁ አፈሰሰ!

«የኔ ክርክር ውሃ አያነሳም» አላት፣ «ነይና እዪ።»
ወጥ ቤቱ ገባን። እህቱ ፊሎሜና የቧንቧውን አፍ ከፈተች።
ሳለ።
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ሳለ።
ጠብታ የለም። ደጅ ግን ቆጣሪው ይሽከረከራል፣
ነፋስ በሊትር ይሰፈራል።
አስር ደቂቃ። ሃያ። ፊሎሜና ሽንኩርቷን ልጣ ጨረሰች። ሠላሳ አምስት።
በአርባው ዝገት ተፋ፣ ከዝገቱ ኋላ ውሃ መጣ፤
ባዶ ቧንቧ ሽቅብ ሲሞላ አየሩ ነው ፊት የሚወጣ።

ኑንዚያ ታብሌቱን አጠፋች። «ለነፋሱ ስንት ዘመን ከፈላችሁ?»
«ከሠርጌ ጀምሮ» አለች ፊሎሜና። «ባሌ ሞተ፤ ቢሉ አልሞተ።»

አሁን ዳገቱ ጫፍ ላይ ጣሳ የምታክል ነገር ተተክላለች፣
አየሩን ለብቻው ታስወጣለች፣ ሌሊት እንደ ድመት ታስነጥሳለች።
የተከፈለው የነፋስ ሂሳብ ግን?
ኮሚቴው ገና ይሰበሰባል።

ሴንሰሩም የራሱን አገኘ። ከቄራው ጀርባ፣ ከበለሷ ሥር፣
ነሐሴ አገሩን ሲያነደው እሷ የምትለመልመው፣
ካሎጀሮ ሠላሳ ዓመት ፍሬዋን በልቷል፣
ምን አጠጥቷት እንደሆን አንድ ቀን ሳይጠይቃት።
ስንቆፍር ስንጥቁ ክንድ ያህላል።
ሳቀ፣ አፉን በኮፍያው ይዞ፤
«ከሌባዋ ጋር ማዕድ ስቆርስ ኖርኩ!»

ቧንቧው ተበየደ። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ነጥብ የውሃ ሽታ ሆነ።
ፈረቃው አሁን ከቢሮ ይከፈታል፤ ረጅሙ ቁልፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤
ካሎጀሮ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዛሬም ይነቃል፣
አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።
በለሷም ቅጠሏን መጣል ጀምራለች።

እኔ ቦቴዬን አራግፌ በቄራው በኩል ስመለስ
ከታንኩ ወለል የቀረችውን፣ ብትበዛ ሁለት ባልዲ ናት፣
ቱቦውን ወደ ሥሯ አዙሬ እስኪንጠፈጠፍ እቆማለሁ።
ይህችኛዋ ቁጥር የላትም።