የማይለቅ ቀለም

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደምበጫ ወረዳ፣
መዝገብ ቤት ጥጉ ላይ፣ ከዚያች ጠባብ ጓዳ፣
ገቢ ስል፣ ወጪ ስል፣ ማኅተም ስመታ፣
ጧት የገባው ልቤ አይወጣም በማታ።

«ለሚመለከተው» ይላል ደብዳቤው፤
ከሁሉ አስቀድሜ እኔ ነኝ የማየው።
አያለሁ፣ አያለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፤
አይመለከተኝም፤ ብቻ እመለከታለሁ።

ስቀጠር አባቴ ሙክት አረደልኝ፣
«ከዝናብ ተረፍህ፣ ከሞፈር» እያለኝ።
ተርፌያለሁ፣ እውነት። ግን ጣራው ያፈሳል፤
ልቤ ደርቆ ሳለ የሰው ፋይል ይርሳል።

አብሮ አደጌ ስንሻው፣ ተምጫ ዳር ያለ፣
ወፍጮ ተከለና «ና፣ እንካፈል» አለ።
ከወፍጮው አፍ ሥር እጄን ሳላስበው
ዘረጋሁት። ዱቄት፣ ለካስ ትኩስ ነው!
ስንት ዓመት ወረቀት ነካሁ፤ አልሞቀኝም።

ሚስቴ ይታይሽ ግን ጣቷን ታጥፋለች፦
«ኪራይ፣ የልጅ ክፍያ፣ ናፍታ» ትላለች፣
«ቢሰበርስ? ጡረታስ?»
መልስ አልነበረኝም፤
አሁንም የለኝም።

ማክሰኞ ሌሊቱን መልቀቂያ ጻፍሁና፣
ጧት ላስገባው ብል ትዝ አለኝ እንደገና፦
ገቢ የምመዘግብ እኔው ራሴ ነኛ!

መዝገቡን ገለጥሁት። ቁጥር ሰጠሁ። ቀን። ስም።
«ጉዳዩ» ከሚል ዓምድ እጄ አልፎ አልሄደም።
መሰልቸት ነው? ዱቄት?
ያባቴ ሙክት?
በአንድ ጠባብ መሥመር አሥራ አንድ ዓመት?

በመስኮቱ ብቅ አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ፣
«የኔስ ነገር፣ ልጄ፣ አልተገኘም ወይ?»
ሦስት ክረምት ጠየቁ፤ ሦስት ክረምት «ነገ»።
ዛሬ ግን እጄ ከመደርደሪያው ኋላ ፈለገ፤
ረጥቦ፣ ተጣብቆ ከግድግዳው አፈር፣
አገኘሁት፤ ይዤው ዞርሁ ከበር ወደ በር፣
እስኪፈረም ድረስ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ በራሴ፦
ስንቷን እንጉዳይ ነው በ«ነገ» መመለሴ!

የኔን አልቀደድሁም። አላስገባሁም። ኪሴ ውስጥ ነው።
እስከ ሰኔ ሠላሳ ከግድግዳ ጋር
የተጣበቀውን አንድ በአንድ ላላቅቅ፤
ከዚያ በኋላ ነው እኔም የምለቅ።
ይታይሽ ይህን ሰምታ «ሰኔ ሩቅ ነው» አለች፤
የናፍታውን ሂሳብ ደግማ ጀመረች።

ማታ ተምጫ ወርጄ በአሸዋ፣ በእንዶድ
አውራ ጣቴን ፈተግሁ፣ ሐምራዊው እንዲሄድ።
እኔ ልለቅ ስል ቀለሙ አልለቅ አለኝ።
ይሁን። ዱቄት ላይም ያትም እንግዲህ፣ ካልተወኝ።