ከፋይ

ተርሲዮፔሎ ይሉታል፣ የኮስታሪካ ሰዎች እባቡን፤
በእኛ ቢመለስ «ከፋይ» ነው፤ ያንን ለስላሳ ጨርቁን፣
ሙሽራ የሚደርበውን፣ መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቀውን።
የቃሉን ሌላ ፍቺ ለጊዜው አቆዩት፤
ሂሳብ ሲደርስ እናነሳዋለን።

ጥቅምት ነው። በደቡቡ ቆላ ዝናቡ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤
የዘይት ዘንባባው ቅጠል ውሃ ከብዶት አንገቱን ደፍቷል።
ኦቪዲዮ የረገፈ ፍሬ ሊለቅም ሰደደ ግራ እጁን፤
ለታናሹ ሰጥቶት ነበር፣ ጠዋት፣ ብቸኛ ጓንቱን።
ከፋይ ነካው።

ከፋይ ሲነካ ያቃጥላል ብሎ ማን ያስባል?
ክንዱ አበጠ፤ የጋብቻ ቀለበቱ ሥጋ ውስጥ ሰጠመ፤
ድዱ ደማ፤ ደሙ መርጋት ረስቶ በአፍንጫው አዘገመ።
ታናሹ በሞተር ብስክሌት፣ ከጀርባው በገመድ አስሮ፣
እንዳይተኛበት እየሰደበው፣ ጭቃውን ሰንጥቆ በሮ
ጤና ጣቢያ አደረሰው።

ከዚያ ርቆ፣ ጭጋግ በማይለቀው ደጋ፣
አንዲት ግራጫ ባዝራ ቆማለች፣ ሣር ስትነጭ ሲነጋ።
ሴኒሳ ትባላለች፤ አመድ ማለት ነው።
ጠባቂዋ ኤላዲዮ ሁለት ጣቶቹ የሉም፤
ምን አገኘህ ብዬ ብጠይቀው
«ተከፈለ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

መርዙን ለወራት ወጓት፣ ከጠብታ ያነሰ፣ እየለኩ፤
ቆዳዋ ሲያብጥ እያጠቡ፣ ትኩሳቷን በእጅ እየነኩ።
ደሟ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ማጥናት ጀመረ፤
በስተመጨረሻ የእባቡን መልክ በቃሉ ይዞ አደረ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲል የኖረው አባቴ
ይህችን ባዝራ ባያት!
ኮርቻ ጀርባዋን አያውቀውም፤ ማንንም የትም አላደረሰችም።
ትዋጋለች እንጂ፣ በማታውቀው ሰው ደም ሥር፣
በማታየው ሌሊት፣
እሷ እዚህ ቆማ እየበላች።

ማክሰኞ የደም ቀን ነው።
ኤላዲዮ ያፏጫል፤ እሷ አንገቷን ታዘነብላለች፤
ዶክተር ግሪሴልዳ ከረጢቱ እስኪሞላ ሰዓቷን ታያለች።
ደሙ ሲለያይ፣ ቀዩን ለባዝራዋ መልሰው ይሰጧታል፤
ቢጫውን፣ ትምህርቱን፣ ያስቀሩታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዜማ አይወጣለትም፦
አሲድ፣ ማጥለያ፣ ቅዝቃዜ፣ ፊርማ፣ እንደገና ማጥለያ።
በአይጥ ይፈተናል። የሞቱት የሚቆጠሩበት ደብተር አለ፤
አይቼዋለሁ። ስም የለበትም፤ የግሪሴልዳ እጅ ጽሑፍ ግን
ከገጽ ገጽ እያነሰ ይሄዳል፣ እንደሚያፍር ሰው ድምፅ።

ማርከሻ እንለዋለን፤ ከመርከስ የወጣ ቃል፤
መርዝን የሚያህል ጌታ በዚያ ዱቄት ይዋረዳል።
እሱ ራሱ ግን መቼ ረከሰ?
በጤና ጣቢያው ፍሪጅ አምስት ብልቃጥ ነበር፤
የኦቪዲዮ ክንድ አሥር ይጠይቃል።
ነርስ ዩሌይሲ አምስቱን ሰጠችው፤ ከዚያ ስልክ ያዘች፤
ተቆጣች፣ ለመነች፣ የአንዱን አለቃ እናት ስም አነሳች።
ቀሪው አምስት በጀልባ መጣ፣
በበረዶ ሣጥን፣ ከዓሣ ጋር ተጭኖ፤
ሌሊቱ ሊጋመስ ሲል
ደሙ መርጋት ትዝ አለው።

ኦቪዲዮ ተረፈ። ቀለበቱን ከነጣቱ አጣ።
«ከፋዩ ማን ነው?» አለ፣ ጫማውን አጥልቆ ሊወጣ።
«መንግሥት» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል።
ዩሌይሲ ግን «ፈረስ» አለችው።
ሳቀ፤ ትኩሳቱ ገና አልለቀቀኝም ብሎ አሰበ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል።
ትናንት ኤላዲዮ እጁ ሳተውና የጋጣው ገመድ
ከሴኒሳ እግር ሥር ወደቀ፣ እርጥብ፣ ጥቅልል።
ባዝራዋ ዘወር ብላም አላየችው።
እባብ በዓይኗ አይታ አታውቅም።
ሣሯን ቀጠለች።
ነገ ማክሰኞ ነው።